ያገለገለ ክብ ቤለር፦ ጥቅሉ በርሜል ይመስላል፣ ሲባጎውም ይንሸራተታል

ሉማሜ_ትራክተር፦
ሰላም ጎበዝ። ማሽኑ ያገለገለ ክብ ቤለር (ገለባ ጠቅልሎ የሚያስር ማሽን) ነው፤ ባለ ቺንጋ፣ የሆዱ (ገለባው የሚጠቀለልበት ክፍል) ስፋት 1.20 ሜትር፣ በሲባጎ ብቻ የሚያስር፣ አንድ ክንድ ያለው። ሲባጎውን ጥቅሉ ላይ የሚመራውን ይህን ክንድ የሚያንቀሳቅሰው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ትራክተሩ 65 የፈረስ ጉልበት፣ ተርቦ (ወደ ሞተሩ አየር የሚገፋ መሣሪያ) የለውም። ሥራው በኮምባይነር የታጨደ የስንዴ ገለባ ነው፤ አውድማ ላይ የተከመረ የጤፍ ጭድም አለ።

ችግሮቹ፦ ጥቅሉ መሀሉ አብጦ ዳርና ዳሩ ሰልሎ ይወጣል። አንዳንዴ ደግሞ ግራው ከቀኙ ይወፍራል። ከሦስት ጥቅል አንዱን ሲባጎው ሳይዘው ይቀራል፤ ሲይዝም የዳሩ ዙር ተንሸራቶ ይወድቃል። ሁለቴ ደግሞ ቢላዋው ሳይቆርጠው ቀርቶ ጥቅሉ ሲባጎውን እየጎተተ ወጣ። ክንዱን ፈትቼ ልየው ወይስ ከሌላ ልጀምር?

ካቴናና_ሞላ፦
ክንዱን ለጊዜው አትንካው። አምስት ችግር ቆጠርክ እንጂ ቢያንስ ሁለቱ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። በርሜል የሆነ ጥቅል ትከሻው ይዘቀዝቃል፤ ዘቅዛቃ ላይ የተጠመጠመ ሲባጎ ደግሞ መንሸራተቱ አይቀርም። ክንዱን ዛሬ ለዚህ ጥቅል ብታስተካክለው ነገ ለሌላው ይሳሳታል። መጀመሪያ ቅርጹ፣ ከዚያ ሲባጎው።

በርሜሉን የሚሠራው ረድፉ ነው። ኮምባይነሩ የሚጥለው የገለባ ረድፍ ስፋቱ ብዙ ጊዜ ከ80 ሳንቲ እስከ 1 ሜትር ነው፤ የማሽንህ ሆድ ግን 1.20። መሀል ለመሀል ከነዳህ መሀሉ ብቻ ይጠግባል። ማረጋገጥ ከፈለግህ ጥቅሉ ግማሽ ሲደርስ ቁምና ከመቀመጫህ ዞረህ ቺንጋዎቹን እያቸው። የመሀሎቹ እንደ ክራር ክር ተወጥረው የዳሮቹ የሚራገቡ ከሆነ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

አነዳዱ እንዲህ ነው። ትራክተሩን ወደ ቀኝ አስጠግተህ ረድፉ በማንሻው (ገለባውን ከመሬት በሚለቅመው ባለ ጣት ክፍል) ግራ ጫፍ እንዲገባ አድርግ፤ ከ10 እስከ 15 ሜትር ቀጥ ብለህ ሂድ። ከዚያ ቶሎ ተሻግረህ በቀኝ ጫፍ ያንኑ ያህል አስገባ። ብዙ ሹፌር «ግራ ቀኝ በል» ሲባል እንደ እባብ መጥመዝመዝ ይመስለዋል። እባቡ ግን በመሀል ደጋግሞ ስለሚያልፍ የሚያጎርሰው ያንኑ መሀሉን ነው። መሻገሪያው አጭር፣ ዳር ላይ ያለው ቆይታ ረጅም ይሁን። ዳሩን ካበዛኸው ግልባጩ ይመጣል፤ መሀሉ ይጎደጉድና ሁለቱ ጫፍ ይቆማል። ያኔ ቆይታውን ወደ 7 ወይም 8 ሜትር ታሳጥራለህ።

ስለ ጉልበቱም አንድ ነገር። ተርቦ የሌለው ሞተር ከባሕር ወለል በላይ በየ300 ሜትሩ በግምት 3 በመቶ ይደክማል። በእኛ ደጋ፣ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ፣ 65 የተባለው ትራክተር ወደ 50 ይወርዳል ማለት ነው። ለ1.20 ማሽን ይበቃል፣ ትርፍ ግን የለውም። ጥቅሉ ሊሞላ ሲል የፒቲኦው (ከትራክተሩ ኋላ ወጥቶ ቤለሩን የሚያዞረው ዘንግ) ዙር በደቂቃ ከ540 እንዳይወርድ ጆሮህን ጣል አድርግበት፤ ከሲባጎው ጋር የሚያያዝ ነገር ስላለ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ደብረኤልያስ_ስንዴ፦
ከቤለሩ በፊት ኮምባይነሩን እዩት። ገለባ መከተፊያ የተገጠመለት ከሆነ ማሳው ውስጥ ሳይገባ ከኦፕሬተሩ ጋር ተነጋገሩ። መከተፊያው ካልቆመ የሚወርደው ጣት የማታክል ብጥስጣሽ ነው፤ ጥቅሉ ውስጥ እርስ በርሱ አይያያዝም፣ ሲባጎውም ሰርጎ ይገባና ይላላል። «መከተፊያውን አጥፋ፣ በረድፍ ጣል» ማለት ብቻ ነው፤ ግን አጭዶ ከሄደ በኋላ ቢባል ዋጋ የለውም። ገለባ እንዲበዛላችሁ ዝቅ ብሎ እንዲያጭድ ስትጠይቁም ድንጋዩን አስቡት፤ ማንሻው ለቅሞ ቺንጋ ላይ ነው የሚወረውረው። የማንሻው ጣቶች ከመሬት ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ከፍ ይበሉ። አፈር እየጫረ የሚሄድ ማንሻ ጣቱንም ይሰብራል፣ ጭዱንም ያበላሻል።

ሰዓትም ራሱን የቻለ መሣሪያ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ እኩለ ቀን ላይ ገለባው ይንሸራተታል፣ ይሰባበራል። ጧት ጤዛው ሙሉ በሙሉ ሳይለቅ፣ ወይም ወደ ማታ አየሩ ቀዝቀዝ ሲል ሥሩ። እፍኝ ጨምቃችሁ እጃችሁ ከረጠበ ግን ገና ነው። የሚከማች ጥቅል እርጥበቱ ከ18 በመቶ በታች ቢሆን ጥሩ ነው፤ ከ20 ካለፈ ውስጥ ውስጡን ይሞቅና ይሻግታል።

የጭድ_ነገር፦
ስንዴው እሺ። የጤፉ ጭድ ግን ሌላ ዓለም ነው። በበሬ ተበራይቶ የወጣ ጭድ አጭርና ሙልጭልጭ ስለሆነ ማሽኑ ሆድ ውስጥ እምብርት አይሠራም፤ እዚያው እየተንከባለለ ይፈጫል፣ ግማሹም በሥር ይረግፋል። የሚሠራው ዘዴ ይህ ነው፦ ከክምሩ በመንሽ አውርዳችሁ ደልደል ባለ ቦታ ላይ 1.20 ሜትር ስፋት ያለው፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ ረድፍ አንጥፉ። የረድፉ የመጀመሪያ 3 ሜትር የስንዴ ገለባ ወይም ረጅም ሣር ይሁን፤ እምብርቱን የሚጀምረው እሱ ነው። እምብርቱ እስኪያያዝ ፒቲኦውን ወደ 400 ገደማ ዝቅ አድርጉ፣ በማርሽ ግን ፈጠን በሉ። ብዙ ጭድ በጥቂት ዙር ይግባ ነው ነገሩ። ጭዱ ሆድ ውስጥ በቆየ ቁጥር ዱቄት ይሆናል። ሲባጎ ከመጀመሩ በፊት ወደ 540 መመለስ አትርሱ።

አንድ ነገር በቀይ ይሰመርበት። ማሽኑን አውድማ ዳር አቁሞ፣ ፒቲኦው እየዞረ፣ በእጅ ወይም በመንሽ ማጉረስ የሚባል ሥራ የለም። ማንሻው ገለባውን የሚወስደው ሰው ጣቱን ከሚከፍትበት ፈጥኖ ነው። ሰዉ «እለቀዋለሁ» ሲል አብሮት ይገባል።

ሉማሜ_ትራክተር፦
እናመሰግናለን። ግራ ቀኙን እንደተባለው ስነዳ በርሜልነቱ በጣም ቀነሰ። ግራው ግን አሁንም ከቀኙ በ6 ወይም 7 ሳንቲ ይወፍራል። ከቺንጋዎቹ አንዱ፣ ከቀኝ ሁለተኛው፣ ከዚህ በፊት ተቆርጦ የተያያዘ ነው። ሊሆን ይችላል?

መካኒክ_ዘጎዛምን፦
መልሱን ራስህ ጽፈኸዋል። ቺንጋ ተቆርጦ ሲያያዝ ያጥራል። ያጠረው ከሌሎቹ ቀድሞ ይወጠርና ጭነቱን ብቻውን ይሸከማል፤ በእሱ በኩል ያለው ገለባ ይጨመቃል፣ ሌላው ወገን ነጻ ስለሆነ ያብጣል። ቶሎ ካልታረመ ያው ቺንጋ በዚያው መገጣጠሚያ ላይ እንደገና መበጠሱ አይቀርም።

ቺንጋ ከመፍታትህ በፊት ግን ብር የማያስወጡትን ጨርስ። የሁለቱ ጎማዎች አየር እኩል ነው? አንዱ ከጎደለ ማሽኑ ያጋድላል። ከማንሻው በቀኝ በኩል የጎደሉ ጣቶች አሉ? ቁጠራቸው፤ ሦስት አራት ጣት አንድ ቦታ ላይ ከጎደለ በዚያ በኩል ገለባው ሳይነሳ ይቀራል። የኋላው በር ሲዘጋ በሁለቱም ጎን እኩል ይገጥማል? ቁልፉ ላይ የተጠቀጠቀ ገለባ አንዱን ጎን ጥቂት ሚሊ ከፈት ካደረገው ጥቅሉ ያንኑ ያህል ይጣመማል።

አሁን ቺንጋው። በሩን ክፈት፣ በሩ እንዳይወድቅ የሲሊንደሩን መቆለፊያ አስገባ፣ ሞተር አጥፋ፣ ቁልፉን ኪስህ ክተት። ቁልፉን ትራክተሩ ላይ ትቶ በር ሥር የሚገባ ሰው ሥራውን አያውቀውም። የቺንጋዎቹን መወጠሪያ አላላ። የመገጣጠሚያውን ሽቦ እየመዘዝህ አንድ በአንድ አውጣቸውና ደልደል ያለ መሬት ላይ ጎን ለጎን ዘርጋቸው፤ አንደኛው ጫፍ በአንድ መስመር ይቁም። ሳታወጣ በፊት ቦታቸውን በጠመኔ ቁጥር ጻፍባቸው። በረጅሙና በአጭሩ መካከል ከ5 ሳንቲ በላይ ልዩነት ካለ ቅርጹን ያበላሻል። ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ ሌሎቹን በአጭሩ ልክ ቁረጥ። ትልቅ ከሆነ አጭሩን በትክክለኛ ቺንጋ ተካው። የሚቀረውን ትንሽ ልዩነት ደግሞ አጭርና ረጅሙን እያቀያየርህ ከግራ እስከ ቀኝ በትነው፤ አጫጭሮቹ በአንድ ወገን አይሰብሰቡ።

ሰው የሚሳሳተው አቆራረጡ ላይ ነው። የቺንጋው ጠርዝ በልቶ የተሸራረፈ ስለሆነ ጎንዮ (የማዕዘን መለኪያ) ጠርዙ ላይ አሳርፈህ ከለካህ መስመሩ ይዘማል። ከጫፉ ጀምረህ በአንድ ሜትር ርቀት ውስጥ ሦስት ቦታ ላይ ስፋቱን ለካና መሀሉን ምልክት አድርግ፤ ሦስቱን ነጥብ በቀጥታ መስመር አገናኛቸው። ጎንዮውን የምታሳርፈው እዚህ የመሀል መስመር ላይ ነው። 3 ሚሊ የዘመመ ቁርጥ ቺንጋውን ወደ አንድ ጎን ይነዳዋል፤ ቀኑን ሙሉ የጎን ብረቱን ሲፍቅ ይውላል። የተቆረጠውን ጫፍ ማዕዘኖቹን 1 ሳንቲ ያህል ሰያፍ አድርገህ አስወግዳቸው፣ ገለባ እንዳይዙ። ሽቦው ከቺንጋው ስፋት ትንሽ ይጠር፤ ጫፉ ከወጣ ጎረቤቱን ቺንጋ ይቀደዋል።

ቡሬ_በቆሎ፦
ቺንጋ ለመተካት ሩቅ ከመሄድ የወፍጮ ቤት ሰፊ ቺንጋ አይሆንም? ያውም በየቦታው አለ።

መካኒክ_ዘጎዛምን፦
አይሆንም ወንድሜ። የወፍጮ ቺንጋ ለስላሳ ነው፤ የቤለሩ ላዩ ቅርጽ አለው፣ ገለባውን ነክሶ የሚያዞረው እሱ ነው። ከሌሎቹ ጋር ቀላቅለህ ብታስገባው ውፍረቱም መለጠጡም ስለሚለይ የአጭር ቺንጋ ችግር በሌላ በር ይመጣብሃል። ከወፍጮ ቤት የምትፈልገው ቺንጋውን ሳይሆን ቺንጋ የሚያያይዘውን ሰው ነው። የብረት ጥርስ መገጣጠሚያ ቀጥ አድርጎ መምታት የለመደ እጅ እዚያ አለ። ጥርሱ ከቺንጋው ውፍረት ጋር የሚሄድ መሆኑን ብቻ አንተ አረጋግጥ።

ካቴናና_ሞላ፦
ቅርጹ ካለቀ እንግዲህ ሲባጎው። ከመያዙ እንጀምር፣ ብዙ ጥቅል የሚበላሸው እዚያ ነውና።

ሲባጎው የሚያዘው በራሱ አይደለም፤ እየገባ ያለው ገለባ ነው አንቆ ወደ ሆድ የሚወስደው። ስለዚህ የመሙያው ደወል ሲጮህ ክንዱን አስነሳ እንጂ ትራክተሩን ወዲያው አታቁም። ሲባጎው ከገለባው ጋር ሲገባ እስክታይ ድረስ ቀስ እያልክ ሁለት ሦስት ሜትር ሂድ፤ ያኔ ቁም፣ ፒቲኦው ግን ይዙር። ከክንዱ ጫፍ የሚንጠለጠለው ጭራ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ መሆን አለበት። ካጠረ ገለባው ጋ አይደርስም፤ ከረዘመ ማንሻው ላይ ይጠመጠማል። ፕላስቲክ ሲባጎ ቀላል ስለሆነ ነፋስ ባለበት ቀን ጭራው ወደ ጎን ይበራል፤ ያኔ ትንሽ ረዘም ይበል።

ጭራው ልክ ሆኖ ሳይያዝ ከቀረ ማጥበቂያውን እይ። ሲባጎውን በእጅህ ስትስበው እየተከራከረህ ግን ሳይቆራረጥ እኩል ሊመጣ ይገባል። በጣም ከጠበቀ ገለባው መንትፎ ሊወስደው አይችልም፣ ወይም መሀል መንገድ ይበጠሳል። በጣም ከላላ ደግሞ ጥቅሉ ላይ ይለብሳል እንጂ አያስርም፣ ቢላዋውም ላይ ሳይወጠር ይደርሳል። የማጥበቂያውን ሞላ በዳዶው ግማሽ ዙር ግማሽ ዙር እያደረግህ ነው የምታስተካክለው፤ በየግማሽ ዙሩ አንድ ጥቅል አስረህ እይ። ለቃጫ ያጠበቅኸው ለፕላስቲክ አይሆንም፣ ውፍረታቸው ይለያያል።

ያገለገለ ማሽን ላይ የማይታለፍ ነገር፦ ሲባጎው የሚያልፍባቸውን ቀለበቶች በጣትህ ውስጣቸውን ዳስ። ሲባጎ ብረትን ይበላል፣ በተለይ ፕላስቲክ። ጥፍር የሚይዝ ቦይ ካገኘህ ሲባጎህን የሚልገው እሱ ነው። ቀለበቱ የሚዞር ከሆነ ያልተበላው ጎኑ ወደ ሲባጎው እንዲመጣ አዙረው። ካልዞረ ይቀየር።

ዳሩን በተመለከተ፦ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ዙር ከጥቅሉ ጫፍ 10 ሳንቲ ገባ ብሎ ይረፍ፤ ክንዱ የሚቆምበትን ማቆሚያ ብሎን በዚያ ልክ አድርገው። ለሙልጭልጭ ገለባ 12 ወይም 13 ቢሆንም ምንም አይደል። ክንዱ በየዳሩ 3 ዙር ያህል ይቆይ። መሀሉ ላይ ለገለባ 10 ሳንቲ ያህል ርቀት፣ ለሣር ድርቆሽ እስከ 15።

አሁን ቅድም ያልኩት የ540 ነገር። ክንድህን የሚነዳው የኤሌክትሪክ ሞተር ነው፤ ጥቅሉን የሚያዞረው ፒቲኦ። ክንዱ በራሱ ፍጥነት ይሄዳል፣ ፒቲኦው ከወረደ ጥቅሉ ይዘገያል፣ እና ዙሩ ይራራቃል። ነዳጅ ለመቆጠብ ብለህ ስታስር ጋዝ የምትቀንስ ከሆነ ሲባጎ ቆጠብህ እንጂ ጥቅሉ አልታሰረም። በተቃራኒው ክንዱ እየተንቀራፈፈ ዙሩ ከተጠጋጋ ወይም መሀል ላይ ከቆመ ወደ ባትሪው ሂድ። ክንዱ እየተንቀሳቀሰ ሞተሩ ጋ ቮልቱን ለካ፤ ከ11.5 በታች ከወረደ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ዝገት የያዘ የማሳ ሽቦ (ከማሽኑ ብረት ጋር የሚያያዘው ኔጌቲቭ) ነው። ብሎኑን ፈትተህ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ፈትግ።

ደብረኤልያስ_ስንዴ፦
ሲባጎ ስንት ይበላል ለሚል፦ 1.20 ሜትር ቁመት ያለው ጥቅል ዙሪያው 3.77 ሜትር ነው። መሀል 10 ዙር፣ በየዳሩ 3፣ በድምሩ 16 ዙር፤ 60 ሜትር ገደማ። የሲባጎው ኳስ ላይ 400 ሜትር በኪሎ ካለና 5 ኪሎ ከሆነ 2,000 ሜትር ነው፣ ወደ 33 ጥቅል ያስራል። ከዚህ በጣም ከራቀ ዙሩን ቁጠሩት።

ኳስ ስትቀጥሉም የመጀመሪያውን ኳስ የውጭ ጫፍ ከሁለተኛው የውስጥ ጫፍ ጋር ነው የምታስሩት፤ ሲባጎ ሁልጊዜ ከኳሱ ውስጥ ነው የሚሳበው። የቋጠሮውን ትርፍ 1 ሳንቲ አስቀርታችሁ ቁረጡ። ወፍራም ቋጠሮ ማጥበቂያው ላይ ይሰነቀራል፤ ከዚያ ሁሉም «ክንዱ ተበላሸ» ይላል።

የጭድ_ነገር፦
ፕላስቲክ ለምትጠቀሙ፦ ከብቱ ፊት ከማቅረባችሁ በፊት ሲባጎውን አንድ ቦታ ላይ ቆርጣችሁ ሙሉውን መዝዛችሁ አውጡ። 16 ዙር ታስሮ ከሆነ 16 ይውጣ፤ የጎደለውን ፈልጉት። ላም የዋጠችው ፕላስቲክ ሆዷ ውስጥ አይፈጭም፣ ተቋጥሮ ይቀመጣል። ቃጫው በዚህ በኩል ይሻላል፤ ግን መሬት ላይ ከተቀመጠ ሥር ሥሩ በስብሶ ክረምት ሳይመጣ ጥቅሉ ይፈታል፣ አይጥም ይወደዋል። ቃጫ ከሆነ በእንጨት ረብራብ ላይ፣ ከጣሪያ በታች።

ተዳፋት ላይ የምትሠሩ ደግሞ ጥቅሉን ስትለቁ ትራክተሩን አግድም አዙሩት፣ የጥቅሉ ጠፍጣፋ ጎን ወደ ቁልቁል ይይ። 150 ኪሎና ከዚያ በላይ የሚመዝን ነገር ቁልቁል ከጀመረ የሚያቆመው የጎረቤት ቤት ነው።

ሉማሜ_ትራክተር፦
ቺንጋው ተስተካከለ፤ ልዩነቱ 9 ሳንቲ ነበር። ግራና ቀኙ አሁን እኩል ነው። ሲባጎውም እየያዘ ነው፣ ትራክተሩን ቶሎ ማቆም ነበር ጥፋቱ። የቀረው ቢላዋው ነው። ከአምስት ጥቅል አንዱን አይቆርጥም።

ካቴናና_ሞላ፦
በመጨረሻ የተቆረጠውን የሲባጎ ጫፍ አንስተህ አየው። ቢላዋው ሥራውን እዚያ ጽፎታል። ጫፉ እንደ ብሩሽ የተበተነ ከሆነ ቢላዋው ደንዝዟል፤ እየቆረጠ ሳይሆን እየበጠሰ ነው። ግማሹ ጥርት ብሎ ተቆርጦ ሁለት ሦስት ክር ብቻ የተጎተተ ከሆነ ስለቱና መደገፊያ ብረቱ እኩል አይገናኙም፤ በአንድ ጎን ብርሃን ያሳያሉ። ባልተቆረጠው ላይ ምንም የስለት ምልክት ከሌለ ግን ክንዱ እስከ ቢላዋው ድረስ አልተመለሰም ማለት ነው፤ ማቆሚያው ሥር ገለባ ተጠቅጥቋል ወይም ያ የቮልት ነገር ነው።

ሉማሜ_ትራክተር፦
እንደ ብሩሽ ነው።

ካቴናና_ሞላ፦
እንግዲያው ሞረድ ነው የሚያስፈልግህ። በመፍጫ ማሽን አትሞርደው፤ ብረቱ ሰማያዊ እስኪሆን ከጋለ ስለቱ ሳምንት አይቆይም። ሰያፍ ያለውን ጎን ብቻ በሞረድ፣ ወደ ስለቱ አቅጣጫ እየገፋህ፤ ጠፍጣፋውን ጎን አትንካ። ስለቱ በሁለት ወገን የሆነ ቢላዋ ከሆነ ደግሞ ብሎኑን ፈትተህ ገልብጠው፣ ለዚህ ወቅት ይበቃሃል። ከመፍታትህ በፊት ቢላዋውን የሚስበውን ሞላ ንቀል፤ ቢላዋው በሞላው ጉልበት ሲመለስ ጣት አይመርጥም። ስትገጥመው መደገፊያ ብረቱ ላይ አንድ ቁራጭ ሲባጎ ወጥረህ በእጅህ ክንዱን መልሰው፤ ሳትጎትተው ከተቆረጠ ጨርሰሃል።